ስምንት ቅዳሜ ለአንድ ብርሌ አበባ

ዋናውን መጀመሪያ ልናገር፤ እስከ መጨረሻ የማታነቡ አላችሁ። ባሕር ዳር የወሰድኩት የአበባ ሥዕል ትምህርት አሪፍ ነው። አስተማሪው ሥራውን ያውቃል። አብሮ የሚሸጠውን የዕቃ ጥቅል ግን አትግዙ። በክረምት ደግሞ በጭራሽ እንዳትመዘገቡ። ከዚህ በታች ያለው «ለምን?» ለሚል ሰው ነው።

የምኖረው ዳንግላ ነው። መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም፤ ግን ደንበኛ ሲጠፋ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ላይ ስሞነጫጭር ነው የምውለው። ሰኔ ላይ አንዲት ጓደኛዬ በቴሌግራም ማስታወቂያ ላከችልኝ። የጥንት ፍሌሚሾች የአበባ ሥዕል በዘይት ቀለም፣ ስምንት ቅዳሜ፣ ባሕር ዳር። ከጽሑፉ በላይ አንድ ሥዕል አለ። መደቡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ አበቦቹ ከዚያ ውስጥ ብቅ ብቅ ብለዋል። አንዱ ቅጠል ላይ ዝንብ አርፋለች። ስልኬን በጣቴ ጠረግኩት። ዝንቧ አልሄደችም። ያኔ ነው የተሸነፍኩት።

ፍሌሚሽ ማለት ዛሬ ቤልጅየም በምንለው አገር፣ በተለይ አንትወርፕ አካባቢ የነበሩ ሠዓሊዎች ናቸው። የዘይት ቀለምን የፈለሰፈው ያን ቫን ኤይክ ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ተረት ነው፤ በዘይት መቀባት ከሱ በፊትም ነበር። እሱ ያደረገው ቀለሙን እንደ መስታወት በስሱ እየደራረበ ማንም ያላደረሰው ቦታ ማድረስ ነው። አበባ ብቻውን ሥዕል የሆነው ደግሞ ከእሱ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1600 ገደማ፣ እነ ያን ብሩገልና አምብሮሲየስ ቦስሃርት ሲነሡ ነው። ታሪኩን በዚህ ልተወው፤ መምህሩም የመጀመሪያውን ቀን ከዚህ ብዙ አላለፈም። አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። ነገሥታቱ ይማማሉበት የነበረው፣ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዱት ኩርዓተ ርእሱ የሚባለው የክርስቶስ ሥዕል አለ አይደል? ብዙ አጥኚዎች የፍሌሚሽ ወይም የፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ ነው ይሉታል። «ስለዚህ እንግዳ ነገር ልማር ነው ብላችሁ አትኩሩ» አለን።

ዋጋው 6,000 ብር ነው። ዕቃው ለብቻው 4,500። ከዳንግላ ባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትራንስፖርቱን፣ ምሳውን፣ አንዳንዴም አዳሩን ስትደምሩበት፣ ለአንዲት ሥዕል የወጣብኝን ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ሁለት ቅዳሜ መንገድ ተዘግቶ ቀርቼ ነበር፤ መምህሩ ሰኞ ማታ በነፃ አካክሶልኛል። ይሄ ይመዝገብለት።

ክፍሏ ከጣና ብዙ በማይርቅ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ ነች። ቆርቆሮ ጣሪያ። ሁለት መስኮት አላት፤ አንደኛው በጥቁር ላስቲክ ተሸፍኗል። ለምን ብንለው «ብርሃን በአንድ በር ነው የሚገባው፣ በግራ» አለ። ዝናብ ሲጥል የሚታየን የመምህሩ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፣ ድምፁን ቆርቆሮው ይበላዋል። ሐምሌን እንደዚያ ነው የጨረስነው። ሰባት ነበርን። ቤተ ክርስቲያን የሚሥል አንድ ዲያቆን፣ ጡረታ የወጡ ቀያሽ (ጋሼ ነው የምንላቸው)፣ ጥልፍ የምትሠራ አንዲት እህት፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ እኔ። መምህሩን ልጆቹ ለቀልድ «የኔታ» ሲሉት ሁላችንም የኔታ አልነው፤ ፊደል ሳንቆጥር ቀለም አያስነካንማ።

እውነትም የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀለም አልነካንም። ጣውላ ነው ስናሽ የዋልነው። ጣውላው ላይ ነጭ ልባስ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ እንደገና ይቀባል። አራት ጊዜ። ፍሌሚሾቹ ጠመኔ ከእንስሳ ሙጫ ጋር እየቀላቀሉ ነበር የሚያደርጉት። ጣልያኖቹ በጠመኔው ፈንታ ጂፕሰም ነበር የሚጠቀሙት፤ ግድግዳ ላይ የምንለስነውን «ጄሶ» የምንለው ከእነሱ ቃል ነው። ዲያቆኑ ፈገግ አለ። በእንጨት ላይ የሚሣሉት የኛ የድሮ ሥዕሎችም ከሥራቸው እንደዚህ ያለ ነጭ ልባስ አላቸው። «ለዚህ ነው እንዴ 6,000 የከፈልኩት?» ብሎ አሳቀን። በኋላ ግን ከሁላችንም አብልጦ የለሰለሰ ጣውላ ያወጣው እሱ ነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ንድፍ። አበባ በአበባ፣ ለየብቻ። ሁሉንም በአንድ ላይ ማሰሮ ውስጥ ሰክቶ መሣል የለም። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ የጠበቀን የፕላስቲክ አበባ ነው! ባሕር ዳር ተቀምጠን፣ ዙሪያችን የአበባ እርሻ እያለ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። የኔታ ምክንያት አለው። አንድ ንብርብር እስኪደርቅ ሳምንት ይፈጃል፣ እውነተኛው አበባ በሦስት ቀን ይጠወልጋል። ልክ ነው። ግን የፕላስቲክ ቅጠል ብርሃን አያሳልፍም። እውነተኛ ጽጌረዳ መስኮት ላይ ስትይዙት ጠርዙ ከውስጥ ይበራል፣ ሥጋ አለው፣ እንደ ሕፃን ጆሮ ነው። ፕላስቲኩ ድፍን ነው። ጠልፋችን (የጥልፏን እህት እንደዚያ ነው የምንጠራት) በሦስተኛው ሳምንት ከራሷ ግቢ እውነተኛ ጽጌረዳ ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩን የነካ የለም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፣ ብራችሁን የምትከፍሉት ለዚህ ነው።

ንድፉ ጣውላው ላይ ከሰፈረ በኋላ ስስ ቡናማ ይለበሳል። ከዚያ ጥላና ብርሃኑ በቡናማ ይወጣል። ቀጥሎ ሙሉ ሥዕሉ በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር ይሠራል። አበባው ያለ ቀለም። ሆላንዶቹ በቋንቋቸው «ሙት ቀለም» ይሉታል። እውነትም ያስፈራል። ጽጌረዳዬ የመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጸች መሰለች። አንደኛው ልጅ «ይሄን ይዤ ቤት ብገባ እናቴ ታለቅሳለች» አለ። ሦስት ቅዳሜ በዚህ ሙት ላይ ነው የቆየነው። ቅጠሉ የት ይታጠፋል? ጥላው የት ይጠቁራል? ሁሉ ነገር እዚያ ያልቃል። ቀለሙ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ ሲመጣም እንደ ነጠላ ስስ ሆኖ ከላይ ይለበሳል እንጂ አይለቀለቅም።

ለምን እንደዚህ እንደሚደክሙ ያልገባን ቀን የኔታ ብርሌ ይዞ መጣ። ጠጅ ሞልቶበታል። መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «ምን ይታያችኋል?» ጠጁ እንደ ፋኖስ ይበራል። ከዚያ ትንሽ ጠጅ ጥቁሩ ጠረጴዛ ላይ ጠብ አደረገ። ቆሻሻ ውሃ መሰለ። ያው ጠጅ ነው። ብርሃን ገብቶ፣ ከኋላ ያለውን ነጭ ነክቶ፣ በቀለሙ በኩል ተመልሶ ሲወጣ ነው ዓይናችን «በራ» የሚለው። ስሱ የዘይት ቀለም ብርሌው ውስጥ ያለው ጠጅ ነው፤ ነጩ ልባስና ሙት ቀለሙ ደግሞ መስኮቱ። ስለዚህ ነገር ብዙ ቪዲዮ አይቼ ነበር፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ጠጁን ጋሼ ጠጡት።

ብርሌዋም እዚያው ቀረች፣ የአበባ ማስቀመጫችን ሆነች። አንገቷ ጠባብ ስለሆነ ከሁለት ዘንግ በላይ አታስገባም። እኛ ግን አሥራ አንድ አበባ ነው የሣልንባት። የኔታ ግድ የለውም። ድሮም እንደዚያ ነበር አለ። የፍሌሚሾቹን ሥዕል አስተውላችሁ ካያችሁ ማሰሮው ከሚችለው በላይ አበባ ተሰክቶበታል፤ በዚያ ላይ የፀደይ አበባና የበጋ አበባ ጎን ለጎን ፈክተዋል። በሕይወት ተገናኝተው የማያውቁ አበቦች ናቸው። ሠዓሊው እያንዳንዱን በወቅቱ ሠርቶ ያስቀምጥና በኋላ ያገናኛቸዋል።

እኔም ይሄን ስሰማ ጊዜ አደይ አበባ እጨምራለሁ አልኩ። ነሐሴ ነበር። አደይ የለም። ከስልኬ ፎቶ ንድፍ አወጣሁ፣ ሙት ቀለሙን በግራጫ ጨረስኩ፣ ደረቀልኝ ብዬ በሰባተኛው ቅዳሜ ያንን የመሰለ ቢጫ በስሱ አለበስኩት። አረንጓዴ ሆነ። ጠረግኩት፣ ደገምኩት። አሁንም አረንጓዴ። ቱቦው የተሳሳተ መስሎኝ ሽፋኑን አነበብኩ። የኔታ ከኋላዬ ቆሞ ብዙ አየና «ልክ ነሽ እኮ» አለ፤ «ገና ነሐሴ ነው፣ መቼ ፈነዳ?»

ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ አስረዳ። ጥቁርና ቢጫ ሲገናኙ አረንጓዴ ይሰጣሉ፤ የእኔ ግራጫ ደግሞ ከጥቁር የተሠራ ነው። ለቢጫ አበባ ሙት ቀለሙ ከነጭና ከሞቅ ያለ ቡናማ ይሠራል፣ በጣም ፈካ ተደርጎ። ጥላውም ቡናማ ይሆናል እንጂ ጥቁር አይገባበትም። ይሄን አስቀድሞ ቢነግረን ምን ነበረበት? እሱ «ተሳስታችሁ ካልሆነ አይያዝላችሁም» ባይ ነው። አባባሉን እቀበላለሁ፣ ግን ጣውላው የኔ ነው፣ ሦስት ሳምንቱም የኔ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመደ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል። ዲያቆኑ መጀመሪያ ላይ እጁ ከሁላችን የተባ ነበር፤ መስመሩ እንደ ቁም ጽሕፈት አይንቀጠቀጥም። ጥላ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። «እኛ ብርሃን ከየት እንደመጣ አንሥልም» አለ። እውነቱን ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገብታችሁ መቅደሱን ዙሩ፤ ፊቱ ሁሉ በራሱ ይበራል፣ መስኮት አያስፈልገውም። እዚህ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ለዚያች ለግራዋ መስኮት ይገዛል። የኔታ ሊያግዘው ብሎ በስልኩ የዳንኤል ሴገርስን ሥዕል አሳየው። በአበባ ጉንጉን መሐል እመቤታችን። ዲያቆኑ ዓይኑ በራ። «ይሄማ ጽጌ ነው! ማኅሌተ ጽጌ ነው እንጂ!» አለ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በየሳምንቱ የሚቆምለትን፣ እመቤታችንን በአበባ እየመሰለ የሚያመሰግነውን ማኅሌት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ተደስቶ «ማን ነው ሰውዬው?» አለ። የአንትወርፕ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1590 እስከ 1661 የኖረ፣ ኢየሱሳዊ (ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል) ነበር አለው የኔታ። ዲያቆኑ ስልኩን መለሰለት።

ጋሼ ነገሩን አባባሱት። እሳቸው የግሽ ዓባይ አገር የሰከላ ተወላጅ ናቸው። «ፔድሮ ፓኤዝም ኢየሱሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይን አየሁ ብሎ የጻፈው» አሉ። ያኔ ሴገርስ ማኅበሩን ከገባ አራት ዓመቱ ነው። አንዱ ወንድማቸው የዓባይን ምንጭ ሲያይ አንዱ አንትወርፕ ቁጭ ብሎ አበባ ይሥላል። ለዲያቆኑ ግን ይሄ ማባበያ አልሆነም፤ በሱስንዮስ ጊዜ የሆነውን ጎጃም የረሳው የለም። በመጨረሻ ጠልፋችን ናት የገላገለችን። «አበባው ምን በደለ?» አለች። ዲያቆኑም ስልኩን መልሶ ተቀበለና ጉንጉኑን ሠራው። መሐሉን ባዶ ተወው።

አሁን ቅሬታ።

አንደኛ፣ ክረምቱ። የዘይት ቀለም እንደ ልብስ ውሃው ተኖ አይደለም የሚደርቀው። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። ሙቀት፣ ብርሃንና ደረቅ አየር ይፈልጋል። ባሕር ዳር በሐምሌ ከእነዚህ አንዱም የለ። በማስታወቂያው «በሳምንት አንድ ንብርብር» የተባለው ጥቅምት ላይ ይሠራ ይሆናል። እኛ በሳምንቱ ስንመለስ ቀለሙ እንደ ማር ይይዘናል። ጋሼ የመጀመሪያው ቀን ነበር የተናገሩት። ጭቃ ቤት ምርጊቱ ሳይደርቅ ብትለስነው ምን ይሆናል? ይሰነጠቃል። ሥዕሉም ያው ነው። በዚያ ላይ አንድ ሕግ አለ፦ ከታች ያለው ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ። ከተገለበጠ ላይኛው ቀድሞ ይደርቅና ታችኛው ገና ሲንቀሳቀስ ይቀደዳል። የኔታ ይሄን በየቅዳሜው ይደግመዋል። ግን ስምንቱ ቅዳሜ እንዳያልቅበት ብሎ ሰባተኛው ላይ «ግድ የለም፣ ቀጥሉ» አለን። የዩኒቨርሲቲው ልጅ እርጥቡ ላይ ዘይት ደረበበት። በሳምንቱ ሥዕሉ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ጠበቀው። ልጁ ምንም አላለም፤ በጣቱ ብቻ ነካ ነካ አደረገው።

ሁለተኛ፣ ዕቃው። የኔታ ራሱ አያመርተውም፣ ከአንድ ነጋዴ ነው የሚያመጣው፤ የማንን እንደሆነ አልጽፍም። አሥራ ሁለት ትንንሽ ቱቦ፣ አምስት ብሩሽ፣ አኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛ)፣ አንድ ጠርሙስ ዘይት። ብሩሹ ፀጉሩን ያረግፋል። ጥቁሩ መደቤ ላይ ዛሬም ሁለት ፀጉር አለ፤ ለሚጠይቀኝ የአበባ ሥር ነው እላለሁ። ዘይቱ ጠርሙስ ላይ ስም የለም። የተልባ ነው ተብለናል። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። ጠልፋችን አሸተተችውና «ይሄ የወጥ ዘይት ነው» አለች። ሳቅን። ከዚያ እኔም አሸተትኩት። ሳቄ ቆመ። የማእድ ቤት ዘይት ሁሉ የሚደርቅ አይደለም፤ አንዳንዱ ዓመት ሙሉ ቢቀመጥ እንደ ረጠበ ነው። ለየኔታ ስንነግረው ተቆጣና፣ ጠርሙሶቹን ሰብስቦ ለነጋዴው መለሰ። ለእያንዳንዳችን 500 ብር መለሰልን። የቀረውን 4,000 ግን ማንም አላነሣውም።

ቀለሞቹንም ፈተንኳቸው፤ የሙያ ልማድ ነው። ሁሉንም ወረቀት ላይ በመስመር ቀባሁ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፈንኩ፣ ከመስከረም ጀምሮ የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሰቀልኩት። በሁለት ወር ውስጥ ሮዙ ከካርቶኑ ውጭ ያለው ግማሽ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ጽጌረዳ ልሥል ብዬ የገዛሁት ሮዝ! ነገሩ ለጥንቶቹም አዲስ አይደለም። በብዙ የድሮ የአበባ ሥዕሎች ቅጠሎቹ ዛሬ ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ። ሠዓሊው እንደዚያ አላደረገውም፤ አረንጓዴውን ሲሠራ በሰማያዊው ላይ የለበሰው ቢጫ በብርሃን በኖ ሄዶ ነው። እነሱ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እኔ ግን 4,500 ብር ነው የከፈልኩት። ነጩ ቱቦ ግን ጥሩ ነው፣ ቲታኒየም ነው። የጥንቶቹ ነጭ ከእርሳስ ማዕድን ነበር፣ መርዝ ነው። «ኦሪጅናሉን ካላመጣህ» ብሎ የጨቀጨቀው ልጅ ነበር፤ የኔታ አሻፈረኝ ማለቱን በሁለት እጄ ነው ያጨበጨብኩለት።

ሌላም የማመሰግንበት አለ። ጨርቅ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ራሱን ችሎ ይሞቃል፣ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። የኔታ በር ላይ ውሃ ያለበት ክዳናም ጣሳ አለው። ጨርቁን እዚያ ሳይጨምር የሚወጣ ተማሪ የለም፤ እሱ ራሱ በር ላይ ቆሞ እጃችንን ያያል።

ለኔ የስምንቱም ቅዳሜ ዋጋ የወጣው በመጨረሻው ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ጤዛ። በቅጠል ላይ ያለች አንዲት የጤዛ ጠብታ እንዴት ትሣላለች? ነጭ ቀለም ያነሣ ሰው ወድቋል። ጠብታዋ የራሷ ቀለም የላትም፤ የቅጠሉ ቀለም ነው ያላት። ብርሃኑ በግራ ከሆነ የጠብታዋ ግራ ጎን ከውስጥ ትንሽ ይጠቁራል። ቀኙ ደግሞ ይፈካል፤ ብርሃኑ ውስጧ ገብቶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከጠብታዋ ውጭ፣ በቀኝ ሥሯ፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች ጥላ። በመጨረሻ በጨለማው በግራ ጎን ላይ በብሩሹ ጫፍ አንዲት የነጭ ነጥብ። አንዲት ብቻ። ያችን ነጥብ ሳስቀምጥ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብሩሹን ሳነሣ ጠብታዋ ቅጠሉ ላይ ተንከባላ ልትወድቅ ደርሳለች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠጋ አሉና «የሰከላ ባቄላ ማሳ በጥዋት» አሉ።

ቤት ስመለስ አረንጓዴውን አደይ መሸከም አቃተኝ። እንደገና ልሥለው ወሰንኩ፣ በራሴ ዘይት። ጎጃም ተቀምጦ የተልባ ዘይት አጣሁ ማለት ያሳፍራል። እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ ተልባ ላኪልኝ።»
«ሆድሽን አመመሽ?»
«አይ፣ ለሥዕል ነው።»
ዝም አለች። «ተልባ ለሥዕል? ቆልቼ ልላክልሽ ነው?»
«እንዳትቆዪው እማ፣ ጥሬውን!»

ቆልታ ላከችው። እጇ ለምዷል፣ ምን ይደረግ። ፍትፍት ሆኖ ተበላ፣ ጎረቤትም ጠግቦበታል። በሁለተኛው ጥሬውን ስምንት ኪሎ ላከች። ኑግ የሚጨምቅ ሰው ጋ ወሰድኩት። ማሽኑ ሲጨምቅ የዋለው ኑግ ስለነበር መጀመሪያ የወረደውን ለይተን ለሌላ ነገር አደረግነው። ሁለት ሊትር የማይሞላ ደፍራሳ ዘይት ይዤ ወጣሁ። ከዚያ የድሮዎቹን መንገድ ተከተልኩ። በውሃና በጨው ደጋግሞ መናጥ፣ ልጋጉ እስኪዘቅጥ መጠበቅ፣ ከላይ ያለውን መቅዳት። በመድኃኒት ቤቱ ሰፋፊ ብልቃጥ አድርጌ፣ አፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ፀሐይ ላይ አዋልኩት። መጀመሪያ ቡና የመሰለው ነገር እየነጣ እየነጣ የመጀመሪያ ዙር ጠጅ መሰለ፤ ወፈር ብሎ ሲፈስም ክር ይሠራል። በስሱ ቀብቼ በአራተኛው ቀን ነካሁት። አልያዘኝም። እናቴ ደውላ ስትጠይቀኝ «ደረቀ!» ብዬ ጮህኩ። «ዘይት ደረቀ ብለሽ ነው የምትደሰቺ?» አለችኝ።

አደዩን ከመስከረም ጀምሮ ከመንገድ ዳር እየቀጠፍኩ፣ ሳይጠወልግ በአንድ ምሽት እየተሽቀዳደምኩ ለየብቻ ሠራሁት። ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ከኋላ፣ የረገፈ። ያን ብሩገል እ.ኤ.አ. በ1606 ለካርዲናል ቦሮሜኦ በጻፈው ደብዳቤ አንትወርፕ ውስጥ ያጣቸውን አበቦች በዓይኑ አይቶ ለመሣል ብራስልስ ድረስ መሄዱን ነግሮታል። ከአንትወርፕ ብራስልስ እኮ ከዳንግላ ባሕር ዳር አይደርስም። ቢጫውን በነጭና በቡናማ ሙት ቀለም ላይ አለበስኩት። በራ። ጥር ላይ ጨረስኩት።

መመዝገብ ለምትፈልጉ፦ የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ተብያለሁ፤ ያኛው ጥሩ ነው፣ ሞቃት ነው። ብሩሽና ቱቦውን ራሳችሁ ግዙ፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ቡናማ፣ አንድ ጥቁርና አራት ጥሩ ቀለም አሥራ ሁለት ከሚደበዝዝ ይሻላል። የኔታ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ነው የሚመጣ፣ ቡናችሁን ጠጥታችሁ ድረሱ። በዝናብ ቀን ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከተቻለ ከስምንት ወደ አሥራ ሁለት ቅዳሜ ያራዝመው ብለን ሰባታችንም ነግረነዋል፣ አስባለሁ ብሏል።

ሥዕሌ አሁን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ከሳል ሽሮፖቹ በላይ ነው ያለችው። ቫርኒሽ ለመቀባት ከጨረስኩ ስድስት ወር ያህል መጠበቅ አለብኝ፣ ስለዚህ እስከ ሐምሌ እንዳለች ትቆያለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ መጥተው ብዙ አዩዋት።

«ልጄ፣ ይሄ አበባ ለምን በሽታ ነው የሚታዘዝ?» አሉኝ።
«ለጊዜው አይነካም እማማ» አልኳቸው፤ «ውስጡ ገና አልደረቀም።»